የቅዝቃዜ ምላሽ ወይስ የምግብ አሻራ? በባሕር ዛጎል ለበሶች የሕዋስ ሽፋን ውስጥ ስላሉ ሊፒዶች

ፍዮርድ (ውይይቱን የከፈተ)

ጤና ይስጥልኝ፣ የመድረኩ አባላት። በምዕራብ ኖርዌይ የባሕር ሥነ ሕይወት ተማሪ ስሆን፣ የመመረቂያ ጥናቴ የሚያተኩረው ሰማያዊ መስል በሚባለው ባለሁለት ዛጎል እንስሳ ስንጥብ (በውኃ ውስጥ መተንፈሻው) ላይ፣ በተለይም የስንጥቡን ሕዋሳት በሚያለብሰው ሽፋን ውስጥ በሚገኙት ሊፒዶች (የስብ ዘር ሞለኪውሎች) ላይ ነው። የማቀርበው ጥያቄ አንድ ብቻ ቢሆንም ጥናቱ የቆመበትን መሠረት ስለሚነካ በዝርዝር እንድትወያዩበት እጠይቃለሁ።

ውኃው በሚቀዘቅዝባቸው ወራት በተሰበሰቡ መስሎች ስንጥብ ውስጥ አይኮሳፔንታኖይክ አሲድ (ከዚህ በኋላ ኢፒኤ እለዋለሁ) የተባለው ባለአምስት ድርብ ቦንድ ፋቲ አሲድ ድርሻው ከፍ ይላል። በመማሪያ መጻሕፍት የሚሰጠው ማብራሪያ የታወቀ ነው፤ ማይክል ሲነንስኪ በ1974 ኢ. ኮላይ በተባለው ባክቴሪያ ላይ እንዳሳየው፣ ሕዋስ ሙቀት ሲለዋወጥበት የሽፋኑን ሊፒዶች እየቀያየረ ፈሳሽነቱን በአንድ ደረጃ ለማቆየት ይጥራል። መስል የራሱ የሰውነት ሙቀት የሌለው፣ በዙሪያው ካለው ውኃ ጋር አብሮ የሚሞቅና የሚቀዘቅዝ እንስሳ በመሆኑ ይህ ማብራሪያ ለእርሱ የተሰፋ ይመስላል።

ሆኖም በእኛ አካባቢ ባሕሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ፣ በጸደይ መግቢያ ላይ፣ ዳያተም የሚባሉት ባለሲሊካ አልጌዎች በብዛት ይፈላሉ። ዳያተም ደግሞ በኢፒኤ የበለጸገ ነው። ስለዚህ እንስሳው ኢፒኤውን ወደ ሽፋኑ የሚያስገባው ብርዱን ለመቋቋም ነው ወይስ ያ ወቅት ያቀረበለትን ስለበላ ብቻ ነው? ከባሕር በተሰበሰበ ናሙና ሁለቱን ለይቶ ማየት ይቻላል ብላችሁ ታምናላችሁ?

የባሕር ዳር መምህር

ለጥያቄዎ አመሰግናለሁ። ባዮኬሚስትሪ የማስተምር ስለሆንሁ ለሌሎችም አንባቢዎች እንዲጠቅም ከሥር እነሣለሁ።

የሕዋስ ሽፋን በሁለት ረድፍ የተደረደሩ ፎስፎሊፒዶች ያሉበት፣ ውፍረቱ ከ4 እስከ 5 ናኖሜትር የሚደርስ ስስ ንጣፍ ነው። የእያንዳንዱ ፎስፎሊፒድ ራስ ወደ ውኃው ሲዞር፣ ሁለቱ የፋቲ አሲድ ጭራዎች ወደ ውስጥ ገብተው ከሌላው ረድፍ ጭራዎች ጋር ይገናኛሉ። ሲንገርና ኒኮልሰን በ1972 ባቀረቡት ሥዕል መሠረት ፕሮቲኖቹ በዚህ ንጣፍ ውስጥ ተተክለው ይንሳፈፋሉ፤ ስለዚህ ንጣፉ ከረጋ ፕሮቲኖቹም ሥራቸውን በሚገባ መሥራት አይችሉም።

ጭራዎቹ ቀጥ ያሉ ከሆኑ ተጠጋግተው ይደራረባሉ፣ ይረጋሉም። ድርብ ቦንድ ያለበት ጭራ ግን ቦንዱ ካለበት ቦታ ላይ ስለሚታጠፍ ጎረቤቱን ገፋ ያደርጋል። በደብረ ብርሃን የጥቅምት ማለዳ ቅቤው በቅሉ ውስጥ ደርቆ ሲገኝ የኑግ ዘይቱ ግን እንደ ወትሮው የሚፈሰው በዚሁ ምክንያት ነው። በቁጥር ለማየት ያህል፣ 18 ካርቦን ያለውና አንድም ድርብ ቦንድ የሌለው ስቴሪክ አሲድ የሚቀልጠው በ69 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። አንድ ድርብ ቦንድ ያለው ኦሌይክ አሲድ በ13 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል፤ ሁለት ያሉት ሊኖሌይክ አሲድ ደግሞ ከዜሮ በታች በ5 ዲግሪ ገደማ።

እዚህ ላይ እንዲያስተውሉት የምፈልገው የቁጥሮቹን አወራረድ ነው። የመጀመሪያው ድርብ ቦንድ የመቅለጫውን ሙቀት ከ50 ዲግሪ በላይ ዝቅ አደረገው፤ ሁለተኛው ግን ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ለውጥ አመጣ። በሽፋን ውስጥም ነገሩ ከዚህ ብዙ አይለይም፤ ሦስተኛው፣ አራተኛውና አምስተኛው ቦንድ በፈሳሽነት ረገድ የሚጨምሩት ከመጀመሪያው ጋር የሚወዳደር አይደለም። እንግዲያው ሽፋንን ማለስለስ ብቻ ከሆነ የሚፈለገው፣ እንስሳው ራሱ ሊሠራው የሚችለው ኦሌይክ አሲድ አብዛኛውን ሥራ ይሠራለት ነበር። ኢፒኤ በብዛት መግባቱ ከፈሳሽነት ሌላ ምክንያት ሊኖረው እንደሚችል የሚጠቁም ይመስለኛል። ኢፒኤ ለሕዋሳት መልእክት የሚያደርሱ ውሕዶች መነሻ እንደሆነም መዘንጋት የለበትም።

ሃሊፋክስ

ከመምህሩ ጋር በአብዛኛው እስማማለሁ፤ ነገር ግን ከሙከራ የተገኘውን ማስረጃ ችላ ማለት አይገባም። የምሠራው በካናዳ ምሥራቃዊ ጠረፍ በሚገኝ የሊፒድ ቤተ ሙከራ ነው። ከእኛ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ በኒውፋውንድላንድ፣ ሆል፣ ፓሪሽና ቶምሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በ2002 ባሳተሙት ጥናት የባሕር ስካሎፕ የተባለውን ባለሁለት ዛጎል እንስሳ በቤተ ሙከራ ውስጥ አቀዝቅዘው የስንጥቡን ሽፋን መርምረዋል። የሽፋኑ ፈሳሽነት የተያያዘው ከኢፒኤ ጋር እንደነበረ አሳይተዋል። ገንዳ ውስጥ የተደረገ በመሆኑ የጸደዩ የዳያተም ፍንዳታ እዚያ አይገባም፤ ስለዚህ ቅዝቃዜ ለብቻው ኢፒኤን ወደ ሽፋን ሊጠራ እንደሚችል ቢያንስ ለዚህ ዝርያ ማስረጃ አለ።

እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። በመስልና በኦይስተር ሊፒድ ላይ የሚወጡ ሰንጠረዦች ብዙ ጊዜ የእንስሳውን እውነተኛ ሽፋን አያሳዩም። ምክንያቱን ከሥራው ላይ ላሳይዎ።

መስሉ ሲከፈት ሁለቱን ዛጎሎች አጥብቆ የያዘው ጡንቻ መጀመሪያ ይቆረጣል። ከዚያ ስንጥቡ በግራና በቀኝ እንደ ስስ ነሐስማ መጋረጃ ተንጠልጥሎ ይታያል። ቁራጩን በባሕር ውኃ ጠብታ ላይ አድርገው በማይክሮስኮፕ ቢመለከቱት፣ ጥቃቅኑ ፀጉሮች ከእንስሳው ተለይተው እንኳ ለሰዓታት ሲቀዝፉ ይታያሉ። ሕይወት ያለው ሽፋን ማለት ያ ነው። ከዚያ በኋላ ቁራጩ በክሎሮፎርምና በሜታኖል ይፈጫል፤ ብላይና ዳየር በ1959 እዚሁ ሃሊፋክስ በኮድ ዓሣ ጡንቻ ላይ የሠሩት ዘዴ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ውኃ ሲጨመርበት ድብልቁ ለሁለት ይከፈላል፣ ሊፒዱም ከታች ባለው ክሎሮፎርም ውስጥ ይቀራል።

እስከዚህ ድረስ ችግር የለም። ችግሩ የሚጀምረው ፋቲ አሲዶቹን ለጋዝ ክሮማቶግራፊ (ውሕዶችን አንድ በአንድ ለይቶ ለሚለካው ዘዴ) ለማዘጋጀት በአሲድ ሲታከሙ ነው። ባለሁለት ዛጎል እንስሳት ፕላዝማሎጅን የሚባሉ ፎስፎሊፒዶችን በብዛት ይይዛሉ፤ በእነዚህ ላይ አንደኛው ጭራ ከግሊሰሮሉ ጋር የተያያዘው በተለመደው ኤስተር ቦንድ ሳይሆን በቫይናይል ኢተር ቦንድ ነው። በተለይ ኢታኖላሚንና ሴሪን ራስ ባላቸው ፎስፎሊፒዶች ላይ ድርሻቸው ትልቅ ነው። አሲዱ ይህን ቦንድ ሲሰብረው ጭራው ዳይሜቲል አሴታል ሆኖ ይወጣል። በክሮማቶግራሙ፣ ማለትም በውጤቱ ግራፍ ላይ፣ ከተለመዱት ፋቲ አሲዶች ጫፎች ጎን ትንሽ ቀደም ብሎ ይቆማል። ያልተማረ ዓይን ደግሞ «ያልታወቀ» ብሎ ያልፈዋል። እንዲህ ያለፈው ሰው የሽፋኑን ትልቅ ክፍል ጥሎ በቀረው ላይ መቶኛ ያሰላል።

ከዚህም ሌላ፣ በእኛ ሕዋሳት ውስጥ ስፊንጎማይሊን የተባለው ሊፒድ የሚይዘውን ቦታ በእነዚህ እንስሳት ውስጥ በአመዛኙ የሚይዘው ሴራሚድ አሚኖኤቲልፎስፎኔት ነው። በዚህ ሊፒድ ላይ ፎስፈረሱ ከካርቦን ጋር በቀጥታ የተሳሰረ ነው፤ ትስስሩ ጠንካራ ከመሆኑ የተነሣ አሲድም ሆነ የተለመዱት ኤንዛይሞች በቀላሉ አይሰብሩትም። ውጪኛው ሽፋን ከባሕር ውኃ ጋር ፊት ለፊት በሚገናኝ እንስሳ ላይ እንዲህ ያለ ሊፒድ መገኘቱ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

ጠያቂው

ውይይቱ መልካም ነው፤ ሆኖም ሁላችሁም «ፈሳሽነት» ስትሉ አንድ ነገር እንደምትለኩ አድርጋችሁ መናገራችሁ ያሳስበኛል።

አብዛኛው ጥናት ፈሳሽነትን የሚለካው ዲፒኤች የተባለ የሚያበራ ሞለኪውል በሊፒዱ ውስጥ ከትቶ፣ ብርሃኑ አቅጣጫውን ምን ያህል እንደሚለውጥ በማየት ነው። ሞለኪውሉ በነፃነት ከተሽከረከረ አቅጣጫው ይበተናል፤ ከተያዘ ግን ሳይለወጥ ይቀራል። ዘዴው የሚናገረው በጭራዎቹ መካከል ስላለው ሥርዓት ነው። ሊፒዶቹ በንጣፉ ላይ ስለሚሄዱበት ፍጥነት፣ ሽፋኑ ስለሚታጠፍበት አቅም ወይም አዮን ስለማሳለፉ በቀጥታ የሚነግረን የለም። በዚያ ላይ ልኬታው ብዙ ጊዜ የሚደረገው ፕሮቲን በሌለባቸው፣ ከተመዘዘው ሊፒድ በተሠሩ ከረጢቶች ላይ ነው።

ጄፍሪ ሃዘል በ1995 ባሳተመው ግምገማ ይህንኑ ጥያቄ ፊት ለፊት አንሥቶታል፦ ለሙቀት ለውጥ የሚደረገውን የሽፋን መላመድ በፈሳሽነት ብቻ ማስረዳት ይቻላልን? ሽፋን ከመርጋት መጠበቅ እንዳለበት ሁሉ፣ ድርብ ንጣፍነቱን ትቶ ወደ ሌላ ቅርጽ ከመገልበጥም መጠበቅ አለበት። ኮሊን ራስ ያለው ፎስፎሊፒድ ቅርጹ ሲሊንደር ስለሚመስል ጠፍጣፋ ንጣፍ ይሠራል። ኢታኖላሚን ራስ ያለው ግን ራሱ ጠባብ፣ ጭራው ሰፊ ስለሆነ ንጣፉን ለመጠቅለል ይገፋፋል። ፕላዝማሎጅን ሲሆን ይህ ዝንባሌ ይበረታል። በብርድ ጊዜ የኢታኖላሚኑ ድርሻ ከፍ፣ የኮሊኑ ዝቅ ማለቱ በብዙ እንስሳት የታየ ነው። እንግዲህ በአንድ የፋቲ አሲድ መቶኛ ላይ ብቻ ተንጠልጥሎ «ሽፋኑ ተላመደ» ማለት የሽፋኑን ሥራ ማሳነስ ነው።

ይህን ስል የሥነ ምኅዳር ማስረጃውን መናቄ አይደለም። ዊሊያምስና ሶሜሮ በ1996 በካሊፎርኒያ መስል ላይ ያሳተሙት ሥራ ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። በባሕሩ ሙላትና ጉድለት መካከል ባለው ዓለት ላይ ከፍ ብለው የተጣበቁ መስሎች፣ ባሕሩ ሸሽቶ ፀሐይ ሲመታቸው ሙቀታቸው በጥቂት ሰዓታት ውስጥ በብዙ ዲግሪ ይዘላል። ተመራማሪዎቹ የእነዚህ መስሎች የስንጥብ ሊፒድ ሥርዓት በአንድ የባሕር ጉድለት ዑደት ውስጥ እንኳ እንደሚለዋወጥ አሳይተዋል። በሰዓታት ውስጥ የሚመጣ ለውጥ ከምግብ ሊመጣ አይችልም፤ ከውኃ ውጭ ያለ መስል ዛጎሉን ዘግቶ ስለሚቆይ አይበላምና። ለፍዮርድ ጥያቄ ከዚህ የበለጠ ቀጥተኛ መልስ የሚሰጥ የመስክ ምልከታ አላውቅም።

ፍዮርድ

መጨረሻ ላይ ያነሡት ነጥብ በጣም ጠቅሞኛል፤ የጊዜ ርዝመት ራሱ መለያ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ በፊት አላሰብሁትም ነበር። በሰዓታት ውስጥ የሚታይ ለውጥ ካለ፣ እንስሳው ቀድሞ በሽፋኑ ውስጥ ያለውን ፋቲ አሲድ ነቅሎ በሌላ ይተካል፣ ወይም ከአንዱ ፎስፎሊፒድ ወደ ሌላው ያዛውራል ማለት ነው። በወራት ውስጥ የሚመጣው ግን ከቅዝቃዜም ከምግብም ሊሆን ይችላል። እስቲ በምግቡ በኩል የሚያውቅ ሰው ካለ ያስረዳን።

ብሪታኒ

በፈረንሳይ ምዕራባዊ ጠረፍ የኦይስተር ጫጩት በሚፈለፈልበት ጣቢያ እሠራለሁ፤ ሥራዬ በዋናነት አልጌ ማብቀልና ለእጮቹ መመገብ ነው። የምግቡ ነገር በእኛ ዘንድ የኑሮ ጉዳይ ስለሆነ ጠንከር ብዬ እጽፋለሁ።

ሦስት አልጌዎችን ጎን ለጎን ያስቡ። ኪቶሴሮስ ዳያተም ነው፤ ኢፒኤ በብዛት አለው። አይሶክራይሲስ ደግሞ ባለስድስት ድርብ ቦንዱን ዶኮሳሄክሳኖይክ አሲድ (ዲኤችኤ) ይዞ ይመጣል። ዱናሊየላ ግን ሁለቱም የሉትም ለማለት ይቻላል። በዱናሊየላ ብቻ የሚመገቡ እጮች ሆዳቸው ሞልቶ እንኳ በሚገባ አያድጉም። በአዋቂ እንስሳ ላይ ደግሞ የስንጥቡን ሽፋን ስንመለከት ኢፒኤው ከምግቡ ጋር ከፍና ዝቅ ሲል ዲኤችኤው ግን ከዚያ ይልቅ አጥብቆ ይያዛል። ስለዚህ ፍዮርድ፣ ሁለቱን ፋቲ አሲዶች ለየብቻ ይከታተሏቸው እንጂ «ያልጠገበ ፋቲ አሲድ» ብለው በአንድ አምድ አይደምሯቸው።

ሁለተኛው ጉዳይ ስቴሮል፣ ማለትም ኮሌስትሮል የሚመደብበት የሊፒድ ቤተሰብ ነው፤ እስካሁን ማንም አላነሣውም። ኮሌስትሮል በሽፋን ውስጥ በፎስፎሊፒዶች መካከል ገብቶ ንጣፉ በሙቀት ጊዜ ከመጠን በላይ እንዳይለቅ፣ በቅዝቃዜም እንዳይረጋ ይጠብቃል። ኦይስተር ግን ስቴሮልን ከባዶ የመሥራት አቅሙ እጅግ ደካማ ስለሆነ ከሚበላው አልጌ መቀበል አለበት። በመሆኑም በኦይስተር ሥጋ ውስጥ ኮሌስትሮል ብቻውን አይገኝም፤ ብራሲካስቴሮል፣ 24-ሜቲሊንኮሌስትሮልና ሌሎችም የአልጌ ስቴሮሎች አብረውት አሉ። ቀደም ባሉት ዘመናት በቀለም ለውጥ የሚሠራው ልኬታ ሁሉንም እንደ ኮሌስትሮል ይቆጥራቸው ስለነበር ዛጎል ለበሶች ከሚገባቸው በላይ በኮሌስትሮል የሚከሰሱበት ጊዜ ነበር፤ ጋዝ ክሮማቶግራፊ ከመጣ በኋላ ነው ተለይተው የታዩት።

ከዚህ የሚከተለውን ልብ ይበሉ። አንዱ ስቴሮል ከጎኑ ቅጥያ ሲኖረው በጭራዎቹ መካከል እንደ ኮሌስትሮል በልክ አይገጥምም። እንስሳው የሚበላውን አልጌ መምረጥ ካልቻለ፣ የሽፋኑን አንዱን ማስተካከያ በእጁ ይዟል ለማለት ያስቸግራል። የቅዝቃዜ መላመድን በተመለከተ ጽሑፎች በፋቲ አሲድ ላይ ይጽፋሉ፣ ይጽፋሉ፣ ስቴሮሉን ግን በአንድ መስመር ያልፉታል። ይህ መታረም ያለበት ይመስለኛል።

የባሕር ዳር መምህር

እህቴ ብሪታኒ የጻፉት በጣም ትክክል ነው። ከዚያው በመቀጠል እንስሳው ከምግብ ሳይጠብቅ ራሱ ስለሚሠራው ነገር ልናገር፤ የፍዮርድን ጥያቄ ለመመለስ ቁልፉ ያለው እዚያ ነውና።

ባለሁለት ዛጎል እንስሳት በምግባቸው ውስጥ እምብዛም የማይገኙ እንግዳ ፋቲ አሲዶችን ራሳቸው ያዘጋጃሉ። በተለመደው ባለብዙ ድርብ ቦንድ ፋቲ አሲድ ውስጥ በሁለት ድርብ ቦንዶች መካከል አንድ ካርቦን ብቻ ይገኛል። በእነዚህ ግን ርቀቱ ይሰፋል። 22 ካርቦን ያለውና ድርብ ቦንዶቹ በ7ኛውና በ13ኛው ቦታ፣ ወይም በ7ኛውና በ15ኛው ቦታ የሚገኙት ሁለቱ ዋነኞቹ ናቸው። አሠራራቸውም የታወቀ ነው፤ 20 ካርቦንና አንድ ድርብ ቦንድ ባለው ፋቲ አሲድ ላይ አንድ ኤንዛይም በ5ኛው ካርቦን ላይ ሌላ ድርብ ቦንድ ይጨምራል፣ ከዚያም ሰንሰለቱ በሁለት ካርቦን ይረዝማል። የሩሲያዊቷ ናታሊያ ዡኮቫ ሥራዎች ሞለስኮች እነዚህን ራሳቸው እንደሚሠሯቸው አሳይተዋል።

ለምን ይሠሯቸዋል? በሁለት ድርብ ቦንዶች መካከል ብቻውን የተቀመጠው ካርቦን ሃይድሮጅኑን በቀላሉ ስለሚነጠቅ የኦክሲዴሽን (በኦክስጅን የመበላሸት) በር እርሱ ነው። ዲኤችኤ እንዲህ ያሉ አምስት በሮች አሉት፤ ኢፒኤ ደግሞ አራት። በ7ኛውና በ15ኛው ላይ ቦንድ ያለው ግን አንድም የለውም። ጭራው ይታጠፋል፣ ንጣፉ ይለሰልሳል፣ የመበላሸት አደጋው ግን አይጨምርም። እነዚህ ፋቲ አሲዶች በፕላዝማሎጅኖች ላይ ተሰብስበው መገኘታቸው፣ ፕላዝማሎጅን ደግሞ በቫይናይል ኢተሩ አማካይነት ኦክሲዴሽንን ቀድሞ እንደሚቀበል መታሰቡ፣ የአጋጣሚ ጉዳይ ነው ብዬ ለመቀበል ያስቸግረኛል።

አርክቲካ አይስላንዲካ የተባለውን ባለሁለት ዛጎል እንስሳ ነገር የሚያውቁ ያስታውሱ። በ2006 ከአይስላንድ በስተሰሜን ካለው ባሕር የወጣው የዚህ ዝርያ ክላም «ሚንግ» የሚል ስም ተሰጥቶት ነበር፤ የዛጎሉ ዓመታዊ መስመሮች በ2013 እንደገና ሲቆጠሩ ዕድሜው 507 ዓመት ሆኖ ተገኘ። ዳንኤል ሙንሮና ፒየር ብሊየር በ2012 የዚህን ዝርያ ሽፋን ከእርሱ ጋር በአንድ አካባቢ ከሚኖሩና ረጅሙ ዕድሜያቸው 28፣ 37፣ 92 እና 106 ዓመት ከሆነ አራት ዝርያዎች ጋር አነጻጽረዋል። ዕድሜው በረዘመ ቁጥር የሽፋኑ ለኦክሲዴሽን ያለው ተጋላጭነት ይቀንሳል፤ ቅነሳው ከሌሎቹ ሽፋኖች ይልቅ በማይቶኮንድሪያ ሽፋን ላይ ይፈጥናል። ሁሉም በቀዝቃዛ ውኃ የሚኖሩ ናቸው። ቅዝቃዜው ድርብ ቦንድ ጨምር ይላል፤ ረጅም ዕድሜ ደግሞ ቀንስ ይላል። እንስሳው በዚህ መካከል የሚያገኘው መውጫ የቦንዶቹን ብዛት ብቻ ሳይሆን አቀማመጣቸውንም መለወጥ ይመስላል።

ቀይ ባሕር ዳር

ጽሑፎቻችሁን በእስራኤል ቀይ ባሕር ዳርቻ ካለችው ከኤላት ሆኜ ስከታተል ቆይቻለሁ። ሁላችሁም የምትጽፉት ስለ ብርድ ነው። እዚህ የባሕሩ ገጽ በክረምት 21 ዲግሪ ገደማ ሲሆን በበጋ እስከ 28 ዲግሪ ይደርሳል፤ ጥልቁም ቢሆን ከ21 ዲግሪ ብዙም አይወርድም። እዚህ ያሉት እንስሳት ሽፋናቸው እንዳይረጋ የሚሠጉ አይመስለኝም።

ትኩረት ይገባዋል የምለው ብራኪዶንተስ ፋራኦኒስ የተባለው የቀይ ባሕር መስል ነው። የስዊዝ ቦይ በ1869 ከተከፈተ በኋላ ወደ ሜዲትራንያን ተሻግሮ ዛሬ በእስራኤል ጠረፍ ዓለቶችን ሸፍኗል። የሜዲትራንያን ክረምት ከቀይ ባሕር ይልቅ ይቀዘቅዛል። ከሞቃት ባሕር የመጣ ሽፋን ወደ ቀዝቃዛው ሲገባ ምን ለወጠ? የምግቡም ዓይነት አብሮ ስለተለወጠ የፍዮርድ ጥያቄ እዚህም እንዳለ አለ። ደግሞም በሙቀት በኩል ያለው ጉዳት እየከፋ ነው፤ በሰኔ 2021 በሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ በነበረው ሐሩር ከመስልና ከሌሎች የጠረፍ እንስሳት ከአንድ ቢሊዮን በላይ እንደሞቱ ተገምቷል። ሽፋናቸው ከመጠን በላይ ስለላላ ሞቱ ማለት ይቻላል?

ጠያቂው

ለመጨረሻው ጥያቄዎ፣ በዚያ ልክ ሲሞቅ ፕሮቲኖች መበላሸት ይጀምራሉ፣ ልብም ከተወሰነ ሙቀት በላይ ምቱ ይወርዳል። ሽፋኑ ለአዮኖች መላላቱ አንዱ ምክንያት ሊሆን ቢችልም ገዳዩ እርሱ ነው ብሎ ለመፍረድ ሽፋኑና ልቡ በአንድ እንስሳ ላይ፣ በአንድ ሰዓት አብረው መለካት ነበረባቸው። የሞቱትን ሰብስቦ ሊፒድ መመርመር አይረዳም፤ በሞተ ሥጋ ውስጥ ፎስፎሊፒዶች በፍጥነት ይፈርሳሉ።

የብራኪዶንተስ ሐሳብዎ ግን ጥሩ ነው። ከሁለቱም ባሕሮች ተሰብስበው በአንድ ዓይነት አልጌ፣ በሁለት የተለያዩ ሙቀቶች ቢመገቡ ምግቡና ሙቀቱ ይለያያሉ።

ፍዮርድ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ያነሣችኋቸውን ነጥቦች ተመልክቼ የናሙና አሰባሰቤን እንዲህ ለማድረግ አስቤያለሁ። ከባሕር የምሰበስበው እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ከዚያው ቦታ የተወሰዱ መስሎችን በገንዳ አስገብቼ አንድ ዓይነት የአልጌ ድብልቅ በተመሳሳይ መጠን እመግባለሁ፤ ግማሹን በክረምቱ የባሕር ሙቀት፣ ግማሹን በበጋው ሙቀት አቆያለሁ። ኢፒኤና ዲኤችኤን ለየብቻ እከታተላለሁ። የመምህሩን ማብራሪያ መሠረት አድርጌ ደግሞ እንስሳው ራሱ የሚሠራቸውን ባለ7-13 እና ባለ7-15 ፋቲ አሲዶች እንደ ዋና ምስክር እወስዳቸዋለሁ፤ በምግቡ ውስጥ እምብዛም ስለማይገኙ በሙቀት ለውጥ ከተንቀሳቀሱ እንቅስቃሴው የእንስሳው የራሱ ነው። ስቴሮሉንም እጨምራለሁ።

እህቴ ሃሊፋክስ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ከገንዳው የሚወጣውን ስንጥብ እስከ ትንተናው ድረስ እንዴት ላቆየው? ፋቲ አሲዶቹንስ በአሲድ ላዘጋጅ ወይስ በቤዝ?

ሃሊፋክስ

ስንጥቡ በተቆረጠ በደቂቃዎች ውስጥ በፈሳሽ ናይትሮጅን ይቀዝቅዝ፤ ከዚያ ከዜሮ በታች በ80 ዲግሪ ይቀመጥ። በተለመደው ማቀዝቀዣ ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ ማቆየት አይበቃም፤ ኤንዛይሞቹ በዚያ ቅዝቃዜ ውስጥ እንኳ ቀስ እያሉ ፎስፎሊፒዱን ስለሚቆርጡ ነፃ ፋቲ አሲድ ይጨምራል። በውጤትዎ ውስጥ ነፃ ፋቲ አሲድ ከፍ ብሎ ካዩ መጀመሪያ የሚጠረጥሩት እንስሳውን ሳይሆን አያያዙን ይሁን። ሊፒዱ ከተመዘዘ በኋላ ጥቂት ቢኤችቲ (ኦክሲዴሽንን የሚከላከል ውሕድ) ይጨምሩበት፤ ጠርሙሱንም በናይትሮጅን ጋዝ ሞልተው ይዝጉት።

ዝግጅቱን በሁለቱም መንገድ ያድርጉት። ሊፒዱን ለሁለት ከፍለው አንዱን በቤዝ ያክሙ፤ ቤዝ የኤስተር ቦንዶችን ብቻ ይፈታል፣ ቫይናይል ኢተሩን አይነካም። ሌላውን በአሲድ ያክሙ፤ በዚህኛው ዳይሜቲል አሴታሎቹ ይወጡልዎታል። ሁለቱን ክሮማቶግራሞች አስተያይተው በአሲዱ ላይ ብቻ የሚታዩትን ጫፎች ምልክት ያድርጉባቸው፤ የፕላዝማሎጅን ጭራዎች እነርሱ ናቸው።

የባለ7-13ንና የባለ7-15ን ጫፎች በሜቲል ኤስተርነታቸው በማስ ስፔክትሮሜትሪ (ሞለኪውሎችን ሰባብሮ ክብደታቸውን በሚለካው ዘዴ) ብቻ ለመለየት አይሞክሩ፤ በመሣሪያው ውስጥ ድርብ ቦንዱ ቦታውን ስለሚቀይር የት እንደነበር አይነግርዎትም። ዲሞክስ ወደሚባለው ተዋጽኦ ቀይረው ያስገቧቸው፤ ያን ጊዜ የቦንዶቹ ቦታ በስብርባሪዎቹ መካከል ካለው የክብደት ልዩነት ይነበባል። ከገንዳው ምግብም በየሳምንቱ ናሙና ወስደው በዚሁ መንገድ ይተንትኑት፤ አልጌው እያረጀ ሲሄድ ፋቲ አሲዱ ስለሚለወጥ «አንድ ዓይነት ምግብ» ያሉት ነገር በእርግጥም አንድ ዓይነት ሆኖ መቆየቱን የሚያረጋግጥልዎት ይህ ነው።